ትንሽ ወደ ግራ፣ አባዬ

ሰፈሩ ሁሉ «ውሃ ልክ» እያለ ነው የሚጠራው። የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጡለት አብረውት የሚሠሩት ናቸው። ጠማማ ነገር ካየ እረፍት የለውም። እንግድነት ሄዶ እንኳ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ዘንበል ብሎ ካየ፣ ጨዋታውን የሚሰማ መስሎ ቀስ ብሎ ይነሳና ያቃናዋል። ሚስቱ በዚህ ስንቴ አፍራለች። «አንተ ሰውዬ፣ የሰው ቤት እኮ ነው!» ትለዋለች ጥርሷን ነክሳ። እሱ ግን ፎቶው ፊት ቆሞ እፎይ ይላል።

አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስትወለድ አየር አጥሯት ስለነበር እጆቿና እግሮቿ አይታዘዟትም፤ የምትንቀሳቀሰው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ንግግሯም ቀስ ያለ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ከጉድጓድ እንደሚቀዳ ውሃ ጎትታ ታወጣዋለች። ጭንቅላቷ ግን ምላጭ ነው። ማታ ማታ ሬዲዮ እየሰማች እንግሊዝኛ ለምዳለች። ቀን ቀን በረንዳው ላይ ሆና የሰፈሩን ልጆች ኳስ ጨዋታ ትዳኛለች፤ መስመር አልፏል ካለች አልፏል ነው፣ ይግባኝ የለም። ለዚህ ነው ልጆቹ «ኮማንደር» ያሏት፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ።

አባቷ ይወዳታል ማለት ትንሽ ነው። ችግሩ፣ ፍቅሩ ችኩል ነው። «አባዬ፣ ው...» ካለች ውሃ ይዞ ከተፍ ይላል። ልትለው የፈለገችው «ውጭ አውጣኝ» ነበር፤ ከማስረዳት ብላ ውሃውን ትጠጣዋለች። ዓረፍተ ነገሯን ካልጨረሰላት የበደላት ይመስለዋል። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ተዋት፣ ትጨርስ» ትለዋለች። «ምን አልኳት?» ይላል እሱ፣ ከልቡ ገርሞት።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ደልደል ያለች ሴት በራቸውን አንኳኳች። ድሮ ሆስፒታል ውስጥ የአካል ሕክምና ትሠራ ነበር፤ አሁን የአካል ጉዳተኞች ስፖርት አሰልጣኝ ናት። ይዛ የመጣችው ወሬ ለቤቱ እንግዳ ነበር። እጅና እግራቸው የማይታዘዛቸው ሰዎች የሚጫወቱት የኳስ ጨዋታ አለ። መጀመሪያ አንዲት ነጭ ኳስ ሜዳው ላይ ትለቀቃለች። ከዚያ አንዱ ቀይ ኳሶቹን፣ ሌላው ሰማያዊ ኳሶቹን እየለቀቀ ወደ ነጯ ያስጠጋል። መጨረሻ ላይ ለነጯ የቀረበ ነጥብ ያገኛል። በቃ፣ ይኸው ነው።

«እሷ መወርወር አትችልም፣» አለ ውሃ ልክ ቶሎ ብሎ።

«አትወረውርም፣ ጋሼ። ኳሷ በመንሸራተቻ ላይ ነው የምትወርደው። ግንባሯ ላይ ዘንግ እናስርላታለን፤ በሱ ገፋ አድርጋ ትለቃታለች። መንሸራተቻውን ወደምትፈልገው የሚያዞርላት ረዳት ብቻ ነው የሚያስፈልጋት።»

«ረዳቷ እኔ ነኛ! ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

«ደስ ይለኛል። ግን አንድ ሕግ አለ። ረዳቱ ፊቱን ወደ እሷ፣ ጀርባውን ወደ ሜዳው አድርጎ ነው የሚቀመጠው። ጨዋታ ላይ ዞሮ ማየት ክልክል ነው። መናገር የለም፣ መምከር የለም። እሷ ታዛለች፣ እርስዎ ያዞራሉ።»

ውሃ ልክ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሚስቱ መኪናዋን አቆመች። «ሳያይ? ሳይናገር? ይሄ ሰውዬ?»

ኮማንደር ግን አሰልጣኟን ትክ ብላ እያየች፣ ለመጨረስ ጊዜ የወሰደባትን አንድ ቃል ተናገረች፦ «እ...ጫወታለሁ።»

በማግሥቱ አባትየው አንድ ወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ አመጣና ለሁለት ሰነጠቀው። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፤ በብረት እግር ላይ አቆመው፤ ከፍና ዝቅ፣ ግራና ቀኝ እንዲል አድርጎ በቡሎን አሰረው። ግማሽ ቧንቧ ለቧንቧ ሠራተኛ አሸንዳ ነው፤ ቤቱም «አሸንዳው» ብሎት ቀረ። ኳስ ሲለቀቅበት ድምፅ እንኳ የለውም፤ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። አሰልጣኟ በመዳፏ ዳሰሰችውና፣ «ከውጭ የሚገዛው እንዲህ አይለሰልስም» አለች። ውሃ ልክ ሳምንቱን ሙሉ ይህችን ቃል ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሲያወራ ከረመ።

ልምምዱ ግን እንደ ቧንቧው አልለሰለሰም። አሰልጣኟ ከኋላ ሆና «ኤይም! ኤይም አድርጊ!» ትላለች፤ ኮማንደር «ቀኝ» ትላለች፤ ውሃ ልክ ወደ ቀኝ ያዞርና ከዚያ ከራሱ ጨምሮ ትንሽ ያክልበታል። «ተጣሞ መስሎኝ ነው» ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ብሎ በብብቱ ስር ሜዳውን ያያል። የጫማው ክር በልምምድ ቀን ብቻ ነበር የሚፈታው።

«ይሄ ኤይም የምትይው ምንድነው?» አላት አንድ ቀን።

«ማነጣጠር ነው፣ ጋሼ። ማለም። አሸንዳው ወዴት ይዙር የሚለውን መወሰን።»

ቃሏን ወደዳት። አጭር ናት፣ እንደ ዕቃ ኪስ ትገባለች። ሥራ ቦታም መጠቀም ጀመረ፤ ባልደረባው ቧንቧ ሲገጥም ከኋላው ቆሞ «ኤይም! ኤይም!» ይለዋል። ባልደረባው መፍቻውን አስቀምጦ፣ «ውሃ ልክ፣ ልጅህን ወደ ስፖርት ብትልክ አንተ አበድክ?» አለው።

የከተማው ውድድር ሲደርስ ሦስቱም ማልደው አዳራሹ ሄዱ። ትልቅ፣ የሚያስተጋባ አዳራሽ ነው፤ ወለሉ በቀለም መስመሮች ተከፋፍሏል፤ የጎማ ሽታ ይሸታል። የዳኞቹ አለቃ ከውጭ አገር የመጣች ሽበታም ሴት ናት። ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ እየዞረች ሰላም ስትል ኮማንደር ጋ ደረሰችና ጎንበስ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት፦ «ዋት ኢዝ ዩር ኤይም?»

ውሃ ልክ ከጥያቄው ውስጥ የሚያውቃትን ቃል ሰማ። ደረቱን ነፋ፤ ሁለት ጣቱን ቀሰረና በኩራት መለሰ፦ «ሁለት ጣት ወደ ግራ!»

ሴትዮዋ ጣቶቹን አየች፣ ግራዋን አየች፣ እሱን አየች። አሰልጣኟ አፏን በፊሽካዋ ሸፈነች። ኮማንደር ግን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ወንበሯ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ተረጋግታ ለሴትዮዋ ራሷ መለሰች፣ በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እየጎተተች። ሴትዮዋ አልቸኮለችም። ጎንበስ እንዳለች እስከ መጨረሻው ሰማቻትና ትከሻዋን ነካ አድርጋ ሄደች።

«ምን ብዬ ነው ያሳቅኳችሁ?» አለ ውሃ ልክ።

ልጁ አስረዳችው፤ ጊዜ ወሰደባት፣ እሱም ለአንድ ጊዜ አላቋረጣትም፣ መልሱን አያውቀውማ። «ዓላማሽ ምንድነው ነው ያለችኝ። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ነው፣ አባዬ። ለኳሱም፣ ለኑሮም። ሰው ላይ ነገር ሲወረወርም ያው ቃል ነው፤ ወሬው እገሌ ላይ ያነጣጠረ ነው እንደሚባለው።»

«እንግዲያ ያቺ የጎረቤታችን ሴትዮ ሳትማረው ትችልበታለች፣» አለች እናቷ።

«የኛም ያው ነው እኮ፣» አለች ኮማንደር። «ማለም ስትል ዒላማም ነው፣ ሕልምም ነው።»

«እና ዓላማዬ ምንድነው አልሻት?» አለ አባቷ፣ መልሱን ሊገምት ከወዲሁ ፈገግ ብሎ። ማሸነፍ ነው፣ ወይ አባቴን ማኩራት ነው ትላለች ብሎ ነው።

«ሌላ ከተማ ሄጄ መማር። ለ...ብቻዬ።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ለብቻዬ? ማን ያጎርሳታል? ማን ነው ከአልጋ የሚያነሳት? ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጣሪያ ስር ኖረው ይህን ከልጁ አፍ ሰምቶት አያውቅም፤ ለማታውቃት የውጭ ሴት ግን በአንድ ጊዜ ነገረቻት። «ኧረ ይሁን፣ ይደርሳል፣» አለና የአሸንዳውን ቡሎን ማጥበቅ ጀመረ። ቡሎኑ ግን ድሮውንም ጠብቆ ነበር።

የመጀመሪያው ጨዋታ የተጀመረው ይህ ነገር ከሆዱ ሳይወጣ ነው። ከአንድ ጎረምሳ ጋር ነበር የደረሳቸው፤ ኮማንደር እየመራች ቆየች። የመጨረሻው ዙር ላይ ግን «ቀኝ» አለች። «ቀኝ» አለች ደግሞ። «ቀኝ።» ውሃ ልክ እያዞረ ተጠራጠረ። ነጯ ኳስ ስትለቀቅ የሄደችው ወደ መሃል ነው፣ በጆሮው ሰምቷል። ተሳስታለች። ደክሟታል። ሳያስበው አንገቱ ዞረ፤ የዐይን ጥቅሻ ያህል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም።

ዳኛው እጁን አነሳ። ረዳቱ ስላየ ለተጋጣሚው አንድ ቅጣት ኳስ ተጨመረ። ጎረምሳው በዚያች ኳስ አሸነፈ።

ኮሪደሩ ላይ ኮማንደር ፊቷ ቀልቶ ነበር። «አ...ባዬ፣» አለች።

«አውቃለሁ እናቴ፣ ልትዪ የፈለግሽው...»

«አታውቅም!» ድምፅዋ ኮሪደሩን ሞላው። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ዞሮ አየ። «አታ...ውቅም። ቀኝ ያልኩት ተሳስቼ አይደለም። የሱን ኳስ ገጭቼ ላስወጣ ነበር። ሁልጊዜ... ሁልጊዜ ሳልጨርስ ነው የምታውቀው። ማለም የኔ ነው፣ አባዬ። ኳሱንም፣ ያንን ከተማም። ካልሆነልህ... እማዬ ትቀመጥ።»

ይህን ተናግራ ስትጨርስ ላብ አጥምቋት ነበር። እናቷ በሻሿ ግንባሯን ጠረገችላትና ባሏን ቀና ብላ አየችው። ያ ነው የባሰበት።

ውሃ ልክ መታጠቢያ ቤት ገባ። ፊቱን ታጠበ። አንዱ ቧንቧ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ልማድ አይለቅምና መፍቻውን ከኪሱ አውጥቶ ተንበረከከ፤ እጁን ከመታጠቢያው ጀርባ ከግድግዳው ጋር አሾልኮ ዓይኑ የማይደርስበትን ማሰሪያ በጣቶቹ ፈልጎ አገኘው። እንደዚያ ተንበርክኮ ሳለ አንድ ነገር መጣበት። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሳያይ አይደለም እንዴ? ግድግዳ ውስጥ፣ ወለል ስር፣ ከሰው ቁም ሳጥን ኋላ። ብረትን በእጁ አምኖት ኖሯል። ልጁን ግን ለማመን ዞሮ ማየት አለበት። ለዛገ ማሰሪያ የሰጠውን ያህል እምነት ለልጁ ነፈጋት ማለት ነው። ቧንቧው መንጠብጠቡን አቆመ፤ እሱ ግን ከተንበረከከበት ቶሎ አልተነሳም።

ሲወጣ ወንበሯ ፊት ቁጢጥ አለ። «እኔ ልቀመጥ፣» አላት። «ብዞር ከዚህ በኋላ እናትሽ ትቀመጥ። እኔ አሸንዳውን ተሸክሜ መጥቼ በር ላይ እጠብቃለሁ።»

ጫማውን አየች። «ጫ...ማህን ጥብቅ አድርገህ እሰር፣» አለችው። ሁለቱም ሳቁ፣ እሷ ቀድማ።

አንድ ሽንፈት ከውድድር አያስወጣም ነበርና ቀጠሉ። የሚቀጥለውን አሸነፉ፤ ከዚያ የሚቀጥለውንም። ውሃ ልክ እንደ ሐውልት ተቀመጠ። ግራ ስትለው ግራ፣ ዝቅ ስትለው ዝቅ፤ ከራሱ የጨመረው ነገር የለም። መጀመሪያ ላይ ጀርባው ያሳክከው ነበር፤ አዳራሹ ከኋላው ሲያጨበጭብ ወይ ሲያጉረመርም አንገቱ ይወጠራል። ቀስ በቀስ ግን ሌላ ነገር ማየት ጀመረ።

ፊቷን። ይህን ፊት ከተወለደች ጀምሮ አጥቦታል፣ አጉርሶታል፣ ስሞታል፤ ስታልም ግን አይቶት አያውቅም። ዓይኖቿ ከሱ ትከሻ በላይ አልፈው ሜዳውን ይለካሉ፤ ይጠባሉ፣ ይሰፋሉ፣ አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ። ከንፈሯ በትንሹ ይንቀሳቀሳል፣ እንደሚያሰላ ሰው። በረንዳ ላይ የሚያውቃት ልጅ አይደለችም። ትልቅ ሰው ናት፤ ሥራ ላይ ያለች ትልቅ ሰው። እሱ ራሱ ረጅም ቧንቧ ሲያቃና እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ሚስቱ ነግራዋለች። የኔ ልጅ፣ አለ በሆዱ። ማንም ተመልካች፣ ሜዳውን ፊት ለፊት የሚያየው ሁሉ፣ ይህን ፊት አያየውም። ከአዳራሹ ሁሉ የተሻለው መቀመጫ የሱ ነበር።

የፍጻሜው ጨዋታ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ተጋጣሚዋ ያለፈው ዓመት አሸናፊ ነው፤ ጺማም፣ ኮስታራ፣ ሰማያዊ ኳሶቹን ሲለቅ ፊቱ የማይለወጥ ሰው። እስከ መጨረሻው ዙር እኩል ሄዱ። የሰውዬው ኳሶች አለቁ፤ ለኮማንደር አንዲት ቀይ ኳስ ቀረቻት።

ውሃ ልክ ባያይም ነገሩን በጆሮው ደምሮታል። ነጯ ኳስ መሃል ናት። የሰውዬው ሰማያዊ ከፊቷ ተለጥፋ መንገዱን ዘግታለች፤ ስትገጭ ሰምቷታል። የኮማንደር ሁለት ቀዮች ራቅ ብለው በቀኝ በኩል ተቀምጠዋል። እንግዲህ ያለው አማራጭ ሰማያዊዋን ፊት ለፊት መግጨት ነው።

«ግራ፣» አለች ኮማንደር።

አዞረ።

«ግራ።»

አዞረ። በዚህ በኩል እኮ ምንም የለም። ኳሷ ባዶ ሜዳ አቋርጣ ከመስመር ልትወጣ ነው። ዳኛው ሰዓቱን ተመለከተ።

ዓይኖቿ ጠበቡ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ት...» አለች።

ቃሏን አወቃት። ትንሽ ልትል ነው። እጁ አሸንዳው ላይ ነበር፤ ወዴት እንደሆነ ግን አልነገረችውም። ቢያንስ ግማሽ አዳራሹ ቃሉን ሊጨርስላት ከንፈሩን ያንቀሳቀሰ መሰለው። እሱ ጠበቀ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የቸኮለውን ሁሉ እዚያ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

«ትን...ሽ ወደ ግ...ራ፣ አባዬ።»

የፀጉር ያህል ነካ አደረገው። ዓይኗ ቆመ። ግንባሯን ዝቅ አደረገች፣ ዘንጉ ኳሷን ነካት፣ ኳሷም በአሸንዳው ላይ ያለ ድምፅ ወርዳ ከኋላው ሄደች።

ወለሉ ላይ የምትንከባለል ኳስ ድምፅ፣ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ። ከዚያ ቀጭን ቋ የሚል ድምፅ። ከዚያ ምንም የለም። ውሃ ልክ የልጁን ፊት አየ፤ ዓይኖቿ ገና እየተከተሉ ነበር፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ ቀስ ብለው። ቆሙ። ከዚያ ፊቷ በራ፣ አዳራሹም ከኋላው ፈነዳ።

«አሁን መዞር ይቻላል?» አለ ውሃ ልክ፣ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ። ዳኛው ሳቀና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

ዞረ። ነጯ ኳስ መሃል የለችም። ጎኗን በስሱ ተነክታ ሰማያዊዋን አምልጣ ወደ ቀኝ ተንከባልላለች፤ ልጁ አስቀድማ ያስቀመጠቻቸው ሁለቱ ቀዮች መሃል ገብታ ተቀምጣለች። ኮማንደር ኳሷን ወደ ነጯ አላደረሰችም፤ ነጯን ወደ ራሷ ኳሶች አመጣቻት። ኮስታራው ሰውዬ ወንበሩን እያንቀሳቀሰ መጥቶ፣ «ይሄን ማን አስተማረሽ?» አላት። «ማንም፣» አለች። አባትየው ይህችን መልስ ሲሰማ የኮራውን ያህል በሕይወቱ ኮርቶ አያውቅም።

ሲመለሱ ኮንትራት ታክሲ ያዙ። ወንበሩ ታጥፎ ከኋላ ገባ፤ አሸንዳው ርዝመቱ አላስገባ ብሎ ጫፉ በመስኮት ወጣ። ኮማንደር ሜዳሊያዋን አንገቷ ላይ እንዳደረገች ከፊት ተቀመጠች። ሹፌሩ ሜዳሊያውን አየና፣ «ማነው ያሸነፈው?» አለ።

ከዚያ በኋላ ሹፌሩ የተናገረው ነገር የለም። ውሃ ልክ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ተንጠራርቶ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀመረው። ልጁ በሌላ ከተማ ልትማር እንደሆነ በመሃል ጣል አድርጎ አለፈ፤ ሚስቱ ገርሟት በክርኗ ጎሸመችው፣ እሱ ግን ተረኩን አላቋረጠም። ሰማያዊዋ ኳስ እንዴት እንደመጣች፣ የሰውዬው እጅ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ፣ ነጯ እንዴት ተሽከርክራ እንደዞረች፣ ሁሉንም በእጁ እያሳየ ተረከ።

«በዓይንህ ያየኸው ነው የሚመስለው፣» አለች ሚስቱ።

«ሰው...ዬው እጁ አልተንቀጠቀጠም፣» አለች ኮማንደር ከፊት። «ነጯም አልዞረችም። ቀ...ጥ ብላ ነው የሄደችው።»

«ቀጥ ብላ ነው የሄደችው፣» አለ ውሃ ልክ ለሹፌሩ፣ ወዲያው አስተካክሎ። «እሺ፣ ከዚያስ?» አላት ልጁን፣ እና ወንበሩን ደገፍ ብሎ እስክትጨርስ ጠበቀ። ሹፌሩም ለመስማት ሬዲዮውን ዝቅ አደረገው።